ሳፋውና ሜትሩ

ከክፍሌ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ስድስት ሰው ያስቀምጣል። ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ግን አይቀመጡበትም። ግድግዳ ተደግፈው፣ ከሌላው ታካሚ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ሁልጊዜም ነፋሱ ወደ ሰው በማይወስድበት በኩል። ሽታቸው ማንንም እንዳያስቸግር ብለው ቦታ እንደሚመርጡ ያስተዋልኩት ሥራ ከጀመርኩ ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ "ወንበር እያለ ለምን ትቆማላችሁ?" እያልኩ እቆጣ ነበር።

ነርስ ነኝ። የምሠራው በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች የማይበት ቀን በሳምንት ሁለት ጊዜ አለኝ። ስለ እብጠቱ አጀማመርና ሕክምና ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው እብጠቱን ይዞ ዕድሜውን የሚኖረው ሰው ለራሱ ስለሚሰጠው ግምት ነው፤ እኛ ባለሙያዎችም ሳናውቅ ያንን ግምት እንዴት እንደምንነካበት።

አንዲት እናት ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ክፍሌ የገቡት ሌላው ሁሉ ታክሞ ከሄደ በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ተቀመጡ ብላቸው "ልቁም ልጄ፣ ወንበርሽን አበላሽብሻለሁ" አሉኝ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቤ ጎንበስ ስል እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። "አንቺ አትንኪው፣ እኔው እታጠበዋለሁ።" እሺ አልኳቸውና ሳሙናውን ሰጠኋቸው። እጃቸው ግን እግራቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ማልቀስ ጀመሩ። ያንን እግር ከእሳቸው ሌላ ሰው ካየው አሥራ አንድ ዓመቱ እንደሆነ ነገሩኝ። የሚታጠቡት ሌሊት፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ነው። ባላቸው እንኳ በቀን ብርሃን አይተውት አያውቁም።

እግራቸውን አንስቼ ሳፋው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጓንት አላደረግሁም። ቁስል ባለበት እግር ላይ ጓንት ለታካሚውም ለእኛም ጥንቃቄ ነውና ይደረግ፤ ቆዳው ደህና በሆነበት ግን ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ስለዚህ አያስፈልግም። የጓንት ነገር ትንሽ ይመስላል። ታካሚው ግን ገና ከበር ሲገባ የሚያየው እጃችንን ነው፤ አፍንጫችንንም ያያል።

እየታጠቡ ሳሉ የነገሩኝ ነገር ከእግሩ ይልቅ የሚያሳምማቸው እንደሆነ ገባኝ። ሴት ልጃቸውን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ ቤተሰብ ነበር። ዘር ሲቆጠር የእናትየው እግር ተነሳና ነገሩ ቀረ። "እኔ ነኝ ያወረስኳት" አሉኝ። "ምን በድዬ እንደሆነ እንጃ፣ እግዜር በእኔ ቢበቃው ምን ነበር።" እኚህ ሴት አምስት ልጅ አሳድገዋል፤ ከመንደሩ ጠላ ጠማቂዎች ሁሉ የእሳቸው ይመረጣል። ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ግን አንድ ቤተሰብ ስላበላሸ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

በዚያ ቀን ያደረግሁት ትልቁ ሕክምና ስለ አፈር መንገር ነው። ይህ የደጋና የወይና ደጋ ዝሆኔ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ሲሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ "እግር" እና "አቧራ" ከሚሉ የግሪክ ቃላት አወጣለት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ ሰርገው ገብተው በእግር ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ ይጎዳሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ እግር ላይ ይጠራቀማል። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ሌላ ነው። ለእኚያ እናት ያልኩት በዚህ ቋንቋ አልነበረም። "እማማ፣ ስንት ዓመት በባዶ እግር አረሙ?" ነው ያልኳቸው። "ከልጅነቴ ጀምሮ" አሉኝ። "እንግዲህ የገባው በዚያ ነው። እርስዎ የሠሩት በደል የለም፤ የሠሩት ሥራ ነው።"

የዘሩን ነገር ግን አልሸሸግኳቸውም። መሸሸግ ትክክል አይመስለኝም፤ ሰው እውነቱን ከጎረቤት ሲሰማው ይከፋል። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ የሚያርስ ሁሉ እግሩ አያብጥም። እነ ፋሲል ተኮላ በወላይታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው መጋለጡ ነው። አፈሩን ያልረገጠ እግር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና የሚታጠብ እግር አያብጥም። ይህን ስነግራቸው እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው እግር አልነበረም፤ "ለልጅ ልጄ የሚሆን ጫማ ከየትኛው ገበያ ይሻላል?" አሉኝ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው የሚከብደው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በልኩ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ እብጠቱ ሁኔታ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ፣ ሌሊት እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። ገና የጀመረ እብጠት በዚህ በደንብ ይጎድላል። የቆየውና የጠነከረው ግን ይሻለዋል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም። እኔ በየወሩ የእግሩን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካ ነበር። በመዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ የቀነሰለትን ሰው በሌላው ሰው ፊት ጮክ ብዬ አመሰግናለሁ። "ጎበዝ! ሦስት ሴንቲ ቀንሷል!" ሰው ሲደሰት አያለሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። በጣም ጥሩ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከምስጉኖቹ አንዱ ወደ 40 ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነበር። እግሩ በሦስት ወር ውስጥ በሚያስደንቅ ሁኔታ ጎደለ። አዲስ ለመጡት ምሳሌ አድርጌ አቆመው ነበር። ከሐምሌ በኋላ ቀረ። ነሐሴ አልመጣም፤ መስከረምም አልመጣም። በጥቅምት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤቱ ሄድን። ሲያየን ጋቢውን እግሩ ላይ ጣለ። በሐምሌ ማሳው ጭቃ ነው፤ ጫማ በጭቃ ይያዛል፣ በሬ ደግሞ አይጠብቅም። አውልቆ አረሰ። እግሩ ተመልሶ አበጠ፣ ሕመሙም ሁለት ጊዜ ተነሳበት፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የብሽሽት እብጠት፣ እግር እንደ ፍም መጋል። በዚያ ሁሉ መሃል ጤና ጣቢያ መምጣት ሲገባው ያልመጣበትን ምክንያት ስጠይቀው "ሲስተር፣ ያንን ሜትርሽን እንዴት ብዬ ልየው?" አለኝ።

ያንን መንገድ ስመለስ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ መጠን ሲመዘን የኖረ ነው። እግሩ ያበጠ ስለሆነ ከማኅበር ቀርቷል፤ እግሩ ያበጠ ስለሆነ ሠርግ ላይ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ መጥቼ ያንኑ ሚዛን በነጭ ጋውን አለበስኩት። ሲቀንስ ጎበዝ፣ ሲጨምር ደግሞ በአፌ ባልለውም ሰነፍ። በማይድን ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት በሕመሙ መቀነስ ላይ ከተከለ፣ ሕመሙ የተነሳ ዕለት ግምቱም አብሮ ይወድቃል። የተከልኩበት እኔ ነበርኩ።

ሜትሩን አልጣልኩትም፤ ለሕክምናው ያስፈልጋል። አሁን ግን የምለካው መጨረሻ ላይ ነው፣ በዝምታ፣ ቁጥሩንም የምነግረው ለጠየቀ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ሆኗል። ባለፈው ወር ስንት ቀን ተኛህ? ስንት ቀን ሥራ ዋልክ? ገበያ ወጣሽ? የት የት ሄድሽ? ይህን ስጀምር በስሜት ብቻ ነበር። ኋላ ግን በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ መጽሔት የወጣውን ጥናት ሳውቅ ልቤ ረጋ። ተመራማሪዎቹ በዋናነት ያዩት ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ነበር፤ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያንን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። የማይተኛበት ቀን ለገበሬ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሬ የሚጠመድበት ቀን ነው።

ገበሬው በኅዳር ተመለሰ። ሐምሌን እንዴት እንደምናልፍ አብረን አሰብን፤ መፍትሔውን ያገኘው ራሱ ነው። ለእርሻ ጊዜ ብቻ የሚያደርገው፣ እስከ ባት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ገዛ፤ ማሳው ዳር ደግሞ በጀሪካን ውሃና ሳሙና ያስቀምጣል፣ በሬዎቹን እንደፈታ እዚያው ይታጠባል። አሁን ይህን ለሌሎቹ የሚያስረዳው እሱ ነው። ጎበዝ አልኩት፤ በዚህ ሊባል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ እግሩ ቢያብጥም ባያብጥም የማይወሰድበት ነገር ነውና።

ስለ አጠራራችን አንድ ነገር ልበል። በየኮሪደሩ "ዝሆኔዎቹ ይግቡ" ሲባል እሰማለሁ። ሰውየው ስም አለው፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ካርዱን ለማንበብ ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ውሃና ሳሙና የማይደርስበት ቦታም አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ይበልጥ በድብርት እንደሚጠቁ አሳይቷል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ "በሞትኩ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ እግሩን አጥቤ ብቻ አልሰደውም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው አደርጋለሁ፣ ከቤተሰቡ አንድ የሚያምነውን ሰውም እንዲያስጠራልኝ እጠይቀዋለሁ። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚያይ ባልደረባ ካለ፣ ዋናው ሥራ ውስጥ ያስገባው።

እኚያ እናት ዛሬም ይመጣሉ። እግራቸው ከመጀመሪያው ትንሽ ነው የቀነሰው፤ ከዚህ በላይም ብዙ አይቀንስም፣ ነግሬያቸዋለሁ። ለዓመታት የሚያስቀድሱት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ጫማ ማውለቅ ደግሞ እግርን ማሳየት ነው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግስት መጥተው ገና ሳይቀመጡ "ገባሁ እኮ" አሉኝ። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ከሌላው ምእመን ጫማ ጋር አውልቀው፣ በነጭ ካልሲ፣ ከሴቶቹ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ጎናቸው የነበረችው ሴት እግራቸውን አየችና ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለችላቸው። ያን ቀን ሜትር አላወጣሁም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ በተሠራው የካርታ ሥራ መሠረት ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይዟል ተብሎ ይገመታል። ከእነሱ አንዱ በእናንተም ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይሆናል። ባልደረቦቼ፣ ወጥታችሁ በስሙ ጥሩት፤ ወንበር አቅርቡለት፤ ውሃውም ለብ ያለ ይሁን።