የቤተሰብ መኪና በሐረጎ ዳገት

ትንሽ መኪና ለቤተሰብ ትበቃለች ወይ? በደሴም በኮምቦልቻም በየቡናው የሚነሳ ጥያቄ ነው። ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። እቁብ ሲደርስ ወይም ውጭ ያለ ወንድም ሲያግዝ መኪና ይታሰባል። ያን ጊዜ እኛ ወላጆችና አያቶች፣ "መኪናስ ትልቅ ነው፤ ቤተሰብ የሚይዝ፣ ዳገት የሚችል" እንላለን። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገሩ ግን የቤት ወጪና የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

አሜሪካኖቹ ምን ገጠማቸው?

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሰበብ የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ መሸጥ አቆሙ። የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ያኔ የእኛ ነዳጅ ከአሰብ ማጣሪያ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር፤ ልጆች ሆነን የሚያልፉትን ቦቴዎች እንቆጥር ነበር። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎችም ተቃውሞ ላይ ነበሩ። በወራት ውስጥ የንጉሡ መንግሥት ወደቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የወሎ ረሃብም አንዱ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ግን የአገር ጓዳ ድረስ እንደሚገባ ያኔ ታየ።

በአሜሪካም ሰው በየማደያው ተሰለፈ። ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር ለዘመናት ትልልቅ መኪና ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ከትልቅ መኪና የሚገኘው ትርፍ ከትንሹ ይበልጣልና። ነዳጅ ሲወደድ ገዢው ወደ ጃፓኖቹ ቶዮታና ሆንዳ ዞረ። በ1968 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ አማካይ ፍጆታቸውን በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 8.6 ሊትር ገደማ እንዲያወርዱ በሕግ አዘዘ። በኋላ ነዳጅ ሲረክስ ግን ገዢውም ፋብሪካውም ወደ ትልልቆቹ ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የአንድ በርሜል ዋጋ ከ140 ዶላር አለፈ፤ የገንዘብ ቀውስም ተከተለ። በ2001 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር ኪሳራ አውጀው በመንግሥት ብድር ተረፉ። ክራይስለርን የያዘው ደግሞ የጣሊያኑ ፊያት ነው፤ ያ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ለብሶ ታክሲ ሆኖ የኖረውን ሴይቼንቶ የሠራው ፊያት። ለድርሻው ያመጣውም የትንንሽ መኪና እውቀቱን ነበር።

ከዚህ የማገኘው ትምህርት አንድ ነው። እነዚያ ሀብታሞች የተጎዱት የዛሬውን የነዳጅ ዋጋ የዘላለም አድርገው ስላሰሉ ነው። ጡረተኛ እንዲህ ቢያሰላ ማን ብድር ይሰጠዋል?

የጓዳችን ሂሳብ

ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የምትጠጣ ትንሽ መኪና በቀን 3 ሊትር ትፈልጋለች፤ 13 ሊትር የሚጠጣው ትልቅ 6 ሊትር ተኩል። በወር 24 ቀን ቢመላለሱ ልዩነቱ 84 ሊትር ነው። በዚህ ሳምንት የማደያ ዋጋ አባዙት፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የወር ጤፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

"ዳገቱንስ?" ለሚሉኝ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ጤነኛ ትንሽ ሞተር በልኩ ከተጫነ ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ከባዱ ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ነጻ አድርገው የሚወርዱ አሉ። በካርቦራተር ሳይሆን በኢንጀክሽን የሚሠራ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሲወርድ ለሞተሩ ነዳጅ ይቆረጣል። ማርሹን ነጻ ማድረግ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ይልቁን ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቅና ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ብዙ ወጣት ኤሌክትሪኩን እያየ ነው። ለዚህ መንገድ አንድ ጥቅም አለው፦ ቁልቁል ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ቢሆንም ስለ ባትሪው ዋስትና፣ ስለ ጥገናውና ቤት ስላለው መብራት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከዕቃው ሁሉ ውዱ ባትሪው ነው።

ትንሽ ናት ብላችሁ አትጠቅጥቋት

በሥራ ዘመኔ ከሐረጎ መንገድ የመጡ ቁስለኞችን ተቀብያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ መኪና ከከባድ መኪና ጋር ከተጋጨች የምትጎዳው እሷ ናት፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከባድ መኪና ሞልቷል። ለአምስት ሰው የተሠራችው ላይ ስምንት ሰው ሲጫን አደጋው ይብሳል፤ ፍሬኑ ይደክማል፣ ለሦስቱም ቀበቶ የለም። አያቶች በተለይ ይህን ስሙኝ፦ የልጅ ልጅን ጭን ላይ አቅፎ መሄድ ፍቅር ይመስላል። መኪና ሲጋጭ ግን ሕፃንን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የቱንም ያህል ብናጠብቀው ያመልጠናል። ልጅ ከኋላ ወንበር፣ ለዕድሜው በሚሆን መቀመጫና በቀበቶ ይሁን።

እንግዲህ ለመኪና መግዣ መዋጮ ስትጠየቁ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትጠጣለች? ነዳጁ ወይም መብራቱ በእጥፍ ቢወደድ ቤቱ ይችለዋል? ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ቀበቶ አለ? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ያላት መኪና ትንሽም ብትሆን ለቤተሰብ ትበቃለች። ለበዓል ዘመድ ሲበዛ ግን ሁለቴ ትመላለስ እንጂ አትጨናነቁባት።