ስለ ረድእነት፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ የተገኘ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ክቡራን አባቶች፥ የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች ሆይ፤ ለሕማማቱና ለትንሣኤው በዓል ወደዚህች ቅድስት ከተማ የሚመጡ ወገኖቻችን ጎልጎታን ተሳልመው፥ የጌታን መቃብር ስመው፥ ወደ ዴር ሡልጣን ገዳማችን ወጥተው ከአባቶች ጋር ሲጸልዩ፥ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ከአፋቸው ይሰማል፤ «እንግዲህስ ብሞትም አይቈጨኝ» ይላሉ። ይህ ቃል ከፍቅር የሚወጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ስሕተት በውስጡ ተሰውሮ ሊያድር ይችላል፤ ይኸውም ከቅዱሱ ቦታ መድረስ የመንገዱ ፍጻሜ ነው ብሎ ማሰብ ነው። መድረስ ፍጻሜ ከሆነ፥ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ያለው ኑሮ ምን ሊባል ነው? ከእኛ አስቀድሞ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ሰግዶ የተመለሰ አንድ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ነበረ። ታሪኩም በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8 ተጽፎ ይገኛል። ስለ ረድእነትና ስለ መታዘዝ የምንናገረውን ከእርሱ መንገድ እንማራለን።

1ኛ. የስሙ ትርጓሜ

በግዕዝ የጌታ ተከታይ በሁለት ስም ይጠራል። አንደኛው ደቀ መዝሙር ነው። ደቅ ልጆች ማለት ስለ ሆነ፥ ቃል በቃል ሲፈቱት የመዝሙር ልጆች ያሰኛል፤ ይህም የመማሩን ነገር ያሳያል። ሁለተኛው ረድእ ነው፤ ሲበዛ አርድእት ይባላል። ረድአ ማለት ረዳ ማለት ነውና፥ ረድእ የሚረዳ፥ የሚያግዝ፥ የሚላላክ ማለት ነው። በገዳም ሥርዓት ዛሬም ገና ያልመነኰሰው ወጣት ረድእ ይባላል። ለአረጋዊ አባቱ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ቤት ይጠርጋል፤ መጽሐፉንም የሚማረው በዚሁ ሥራ መካከል ነው። እንግዲህ አንዱን ሰው ደቀ መዝሙርም ረድእም ብለን የምንጠራው፥ ትምህርቱ ከአገልግሎቱ የማይለይ ስለ ሆነ ነው።

ሌሎቹም ቃላት ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሐዋርያ የሚለው ስም ሖረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሖረ ሄደ ማለት ነውና፥ ሐዋርያ ተልኮ የሚሄድ ነው እንጂ ተቀምጦ የሚቀር አይደለም። ሰምዐ የሚለውም ግስ በጆሮ መስማትን ብቻ አያመለክትም፤ መታዘዝንም ያመለክታል፥ ስምዕና ሰማዕት የሚሉት የምስክርነት ቃላትም የተገኙት ከእርሱ ነው። በአማርኛችንም «ይህ ልጅ ቃሌን ይሰማል» ስንል፥ ጆሮው ደኅና ነው ማለታችን ሳይሆን ያልሁትን ይፈጽማል ማለታችን ነው። እንዲሁም ማመንና መታመን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሚያምን ነገር ግን የማይታመን ሰው ከዛፉ አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ የያዘ ነው።

2ኛ. የታዘዘው ዲያቆን

በዚህ ታሪክ የምናገኘው ፊልጶስ ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ የሆነው ፊልጶስ አይደለም፤ በምዕራፍ 6 ከተመረጡት ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው። እነዚህ ሰባቱ የተመረጡት በዚህችው በኢየሩሳሌም በየቀኑ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ስለ ተዘነጉና ማጕረምረም ስለ ተነሣ ነበር። ስለዚህ ፊልጶስ ሰባኪ ከመባሉ በፊት ለማዕድ አገልግሎት የቆመ ሰው ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ተወግሮ ምእመናን በተበተኑ ጊዜ ወደ ሰማርያ ወረደ፤ በዚያም ብዙ ሕዝብ ቃሉን ተቀበለ፥ በከተማይቱም ታላቅ ደስታ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ በዙሪያው ሳለ መልአኩ መጥቶ፥ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ ወደሚወርደው ምድረ በዳ መንገድ ሂድ አለው። ማን እንደሚያገኘው አልነገረውም፤ ለምን እንደሚሄድም አልገለጠለትም። መጽሐፉ የሚናገረው ተነሥቶ መሄዱን ብቻ ነው። ተነሣ ማለት ከተቀመጠበት ቆመ ማለት ነው፤ አንድም ከተመሰገነበት ቦታ ተለየ ማለት ነው። ሄደ ማለት በእግሩ ተጓዘ ማለት ነው፤ አንድም ፈቃዱን ትቶ ፈቃደ እግዚአብሔርን ተከተለ ማለት ነው። የትእዛዙ ምክንያት የታወቀው ከታዘዘ በኋላ በመንገድ ላይ ነው። ምክንያቱ አስቀድሞ ካልተነገረኝ አልነሣም ቢል ኖሮ፥ ሰረገላው ባለፈው ነበር።

3ኛ. የሚያነብበው ተሳላሚ

በሰረገላው የነበረው ሰው በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባኮስ ይባላል። የሕንደኬ ጃንደረባና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም ነበረ። ሕንደኬ የሚለው የአንዲት ሴት የተጸውዖ ስም ሳይሆን፥ ዋና ከተማቸው መርዌ የነበረው የጥንቱ የኩሽ መንግሥት ንግሥቶች የማዕረግ ስም እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ይህ ሹም ሰግዶ ሲመለስ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር፤ የጥንት ሰው ድምፁን አሰምቶ የማንበብ ልማድ ስለ ነበረው ፊልጶስ ሰማው። የምታነብበውን ታስተውለዋለህን ብሎም ጠየቀው። የንግሥት ባለሟል በመንገድ አቧራ ከተሸፈነ እግረኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ሊቈጣ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ፥ ወጥቶም ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። የረድእነት መጀመሪያ ይህ ነው፤ አለማወቅን ሳያፍሩ መናገርና ለመምህር ቦታ መልቀቅ። በመጻሕፍት ቤታችንም ተማሪ ንባቡን በቃሉ ቢያውቅ እንኳ ትርጓሜውን ከመምህሩ አፍ ሳይቀበል ዐወቅሁ አይልም።

ያነብብ የነበረውም ክፍል ምዕራፍ 53 ነው፤ ሳይናገር ወደ መታረድ ስለ ተወሰደው በግ የሚናገረው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 እንደሚያስተምረን፥ ጌታችን ራሱን አዋርዶ እስከ መስቀል ሞት ድረስ የታዘዘ ነው። ስለዚህ ጃንደረባው ሳያውቀው ያነብብ የነበረው ስለ መታዘዝ ነበር። ፊልጶስም ከዚያው ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት።

4ኛ. የሚከለክል ምን አለ?

ወደ ውሃ በደረሱ ጊዜ ጃንደረባው እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈው፥ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ይህ ሰው እጅግ ሩቅ መንገድ ተጕዞ ለመስገድ ቢመጣም፥ መከልከል ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን በእጁ የያዘው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች ራቅ ብሎ፥ በምዕራፍ 56፥ ትእዛዙን ለሚጠብቁ ጃንደረቦች በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተስፋ ይሰጣል። ያ ተስፋ በዚያ ውሃ ዳር ተፈጸመ። ፊልጶስ ወገኑን ወይም ሹመቱን አልጠየቀውም፤ በፍጹም ልብ ማመኑን ጠየቀው እንጂ። እርሱም ካመነ በኋላ ነገ አላለም። ሲያዝ የኖረው ሹም ሰረገላው እንዲቆም አዘዘ፤ ይህም ትእዛዝ እርሱ ራሱ ይታዘዝ ዘንድ ነበር። ሁለቱም ወደ ውሃው ወረዱ።

ቦታውን በ333 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከቦርዶ የመጣው ተሳላሚ በኬብሮን መንገድ በቤተ ሱር አጠገብ ያመለክታል። በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው አውሳብዮስም ከኢየሩሳሌም 20 የሮማውያን ማይል፥ ይኸውም 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ መሆኑን ጽፏል፤ በማደባ ያለው የስድስተኛው መቶ ዓመት የሞዛይክ ካርታም ይህንኑ ያሳያል። ሌሎች ደግሞ ለኢየሩሳሌም ቅርብ በሆነው በዐይን ሐንያ ምንጭ ነው ይላሉ። ስለ ቦታው ሁለት ቃል ቢኖርም፥ ሰምቶ ወዲያው ስለ መፈጸሙ ግን አንድ ቃል ብቻ አለ።

5ኛ. መታዘዝ ፍርሃት አይደለም

አንዳንድ ሰው መታዘዝን ከባርነት ጋር ያስተካክለዋል። እንዲህ አይደለም። የዚህች ከተማ ሸንጎ ሐዋርያትን በኢየሱስ ስም እንዳያስተምሩ ባዘዘ ጊዜ፥ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል ብለው መለሱ፤ ተገርፈውም ደስ እያላቸው ወጡ። ስለዚህ እውነተኛ ታዛዥ ሰው ማንን መታዘዝ እንዲገባው የሚለይ ነው፤ አለቃ ሁሉ ቢያዝዘው በደልን አይፈጽምም።

ደግሞም መታዘዝ በአፍ እሺ ማለት አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 21 በመሰለው ምሳሌ አንዱ ልጅ አልሄድም ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ አትክልት ሄደ፤ ሁለተኛው እሺ ብሎ ሳይሄድ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው ፊተኛው ነው። የኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ፥ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን ሲያስረዳ፥ የተራቈተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም ምንም ሳይሰጡ በሰላም ሂድ ብሎ ማሰናበትን ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ሥራችን መዳንን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም፤ እምነታችን ሕያው ስለ መሆኑ ግን እስትንፋሱ ነው።

6ኛ. የመመለስ ነገር

ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ተሳላሚ ከወንድማቸው ጋር በርስት ወሰን ተጣልተው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ መኖራቸውን አጫወቱኝ። በጌታ መቃብር ፊት እጅግ አለቀሱ። ለወንድማቸው የሚሰጡት አንድ ጧፍ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያዙ፤ እንደ ገባሁ እታረቃለሁ አሉኝ። እኔም እንባቸውን አይቼ ደስ አለኝና፥ መቼ ትሄዳለህ፥ ማንንስ ሽማግሌ ትይዛለህ ብዬ ሳልጠይቅ አሰናበትኋቸው። በሚከተለው ዓመት በሌላ ተሳላሚ እጅ መልእክት ላኩብኝ። አዝመራው እስኪገባ፥ ከዚያም ጾሙ እስኪፈታ ሲሉ ቀኑ እንደ ገፋ፥ ወንድማቸውም በመካከሉ እንደ ሞቱና ጧፉ ከነጨርቁ እንዳለ ነገሩኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ እንባን እንደ ሥራ የቈጠርሁት የእኔም ነው።

ጃንደረባው ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ ይላል መጽሐፍ። በኢየሩሳሌም ልቅር አላለም፤ ፊልጶስም ከዐይኑ በተሰወረ ጊዜ መንገዱን አላቋረጠም። ወደ ሀገሩ፥ ወደ ሹመቱ ተመለሰ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ፥ ይህ ሰው ያመነውን በሀገሩ የሚሰብክ ሆኖ እንደ ተላከ ጽፏል። በአራተኛው መቶ ዓመትም ፍሬምናጦስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክ ለመለመን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ሳለ፥ ቅዱስ አትናቴዎስ አንተው ሂድ ብሎ ሾሞ መለሰው፤ እርሱም ታዝዞ ተመለሰ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። የሀገራችን ክርስትና በመመለስ የተመሠረተ ነው።

እንግዲህ ተሳላሚ ሆይ፥ ከዚህች ከተማ ሳትወጣ ሦስት ነገር ከንስሓ አባትህ ጋር ወስን። የምትታረቀው ማን ነው? የምትመልሰው የማን ገንዘብ፥ የማን ደመወዝ ነው? በየሳምንቱ የምትረዳው የትኛውን ችግረኛ ነው? ስሙንና ቀኑን ቍረጥ፤ ቀን የሌለው ስእለት ከቤት ሲገቡ ይረሳልና። እናንተም የነፍስ አባቶች፥ እኔ እንደ ተሳሳትሁ እንዳትሳሳቱ፥ ተነሳሒውን ካጽናናችሁ በኋላ ስለ ሥራው ጠይቁት። ከመቃብሩ ደጃፍ ያገኘኸውን ጧፍ በጨርቅ ጠቅልለህ አታኑረው፤ በተጣላኸው ሰው ቤት አብራው። ያን ጊዜ በእውነት ረድእ ትባላለህ።

እግዚአብሔር አምላካችን ሰምተን የምንፈጽምበትን ኀይል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።