ቁስለ እሳትና እርጎ

ባለፈው ክረምት ከምድጃ የተገለበጠ የሽሮ ድስት የጎረቤታችንን የአራት ዓመት ልጅ ክንድ በፈጀው ጊዜ፣ ሐኪም ቤት ያደረስነው በአያቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ነበርና፣ ነርሷ ነጠላውን ስትገልጥ ከቁስሉ የተንጠባጠበውን ነጭ ነገር አይታ፣ «እማማ፣ ምንድን ነው የቀቡት?» ብላ ተቆጣች። አሮጊቷም፣ «እርጎ ነው ልጄ፤ እሳት የበላውን ወተት ያባብለው ብዬ ነው» አሉ። ነርሷ ቁስሉን አጥባ፣ ሁለተኛ ከቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ በቀር ምንም እንዳያስነኩት ገሠጸቻቸው፤ እውነቷንም ነው፤ ከቅል የወጣ እርጎ የሚጠቅሙትንም የሚገድሉትንም ተሕዋስያን አንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ነገር ግን ሐኪሙ ለቃጠሎ የሚሰጠውን ነጭ የብር ቅባት ሲያለብሰው፣ አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ይህስ ከእኔ እርጎ መልኩ በምን ይለያል?» ያሉኝ ቃል ከልቤ አልወጣ አለ።

ወደ መጻሕፍቱ ስመለስ አስቀድሞ ያገኘሁት ኢልያ ሜችኒኮቭን ነው። ይህ ሊቅ በ1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሲሲልያ ደሴት፣ በመሲና ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ እንደ መስተዋት ብሩህ በሆነው የባሕር ኮከብ ዕጭ ገላ ውስጥ የጽጌ ረዳ እሾህ ቢወጋበት፣ በማግሥቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ፤ ሥጋ በገዛ ጭፍሮቹ ራሱን እንደሚጠብቅ የተረዳው ከዚያ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው፣ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ሳለ የቡልጋርያ ገበሬዎች ዕድሜ የረዘመው በእርጎአቸው ያሉት ተሕዋስያን ሆዳቸውን ስለሚጠብቁ ነው ብሎ አምኖ፣ ራሱም የረጋ ወተት ሳይጠጣ የማይውል ሆነ።

እርሱ ስለ ሆድ ያሰበውን ስለ ቁስል ያሰቡት ደግሞ በሰሜን አርጀንቲና፣ በቱኩማን ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪው ቫልዴዝና ባልንጀሮቹ ናቸው። በተቃጠለ ገላ ላይ የሚሠለጥነው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ፣ መግሉን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ጠላት፣ ቁጥሩ እስኪበዛ አድፍጦ፣ በኬሚካል ምልክት ተጠራርቶ ነው የሚዘምተው፤ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለው፣ በእኛም ቆጮ ውስጥ የሚገኘው የእርሾ ባክቴሪያ፣ ያንን ጥሪ እንደሚያሰናክል በ2005 አሳዩ፤ በ2009 ደግሞ በ80 ሕሙማን ላይ ከብሩ ቅባት ጋር አስተያይተው፣ ተለዋጭ ሕክምና ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። ሰማንያ ሰው ጥቂት ነው፤ ሕያው ባክቴሪያም ኃይሉ ከደከመ ሕመምተኛ ደም ሊገባ ይችላል። ቢሆንም ላቦራቶሪ ውስጥ ተለክቶ በንጽሕና የተራባው ዘር ከአሮጊቷ ቅል በመጠንና በንጽሕና እንጂ በሐሳብ አይርቅም፤ በየጎጆው ምድጃ ልጅ በሚፈጅበት አገር ይህ ሊናቅ የሚገባው ነገር አይመስለኝም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ምርመራ ታስቦ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ፣ ባለሥልጣኑ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገሩኝ፤ አቀረብሁ፤ ሦስት ጊዜም ተመላለስሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ከመባል በቀር መልስ አላገኘሁም።

የልጁ ክንድ ድኗል፤ ክርኑ ላይ የተኮማተረው ጠባሳ ግን እንደ ልቡ አያስዘረጋውም። ስለ ቱኩማን ስነግራቸው አሮጊቷ ጥጥ መፍተላቸውን አቁመው፣ «እኔማ መች ማዳን አውቄ፤ ሲያለቅስብኝ እጄ የደረሰበትን ቀባሁት እንጂ» አሉና፣ ጥቂት ቆይተው፣ «እነዚያስ ሕሙማን ፋሻው ሲፈታ እንደኛው ልጅ ይጮኹ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።