የአንጀታችን ጥንስስና የኃይል ሂሳባችን

የጤፍ ሊጥ ከተቦካ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ የቡሃቃውን ክዳን የከፈተ ሰው አረፋውን ያያል፤ የኮመጠጠ ሽታውንም ያሸትታል። ዐይን የማያያቸው ተሕዋስያን ስኳሩን አብላልተው ጋዝና አሲድ አድርገውታል። ይህን የመሰለ ሥራ በእያንዳንዳችን ትልቁ አንጀት ውስጥ ሌት ተቀን ይከናወናል። ለመሆኑ ከዚህ ሥራ የሚገኘውን ኃይል የሚወስደው ማን ነው? ባክቴሪያዎቹ ወይስ እኛ? ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋምምና ጥያቄው የሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ነው።

በባቄላ፣ በሽምብራና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን አሰር የሰው ኢንዛይም ሊሰባብረው አይችልም። ስለዚህ ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ቀጥሎም ያብላሉታል። ዋና ዋናዎቹ ውጤቶች ሦስት አጫጭር የቅባት አሲዶች ናቸው፤ እነርሱም የኮምጣጤው አሴቲክ አሲድ፣ ፕሮፒዮኒክ አሲድና ለቆየ ቅቤ ሽታውን የሚሰጠው ቡቲሪክ አሲድ ናቸው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ

አንድ ሞል ግሉኮስ በኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 2,800 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። በትልቁ አንጀት ግን ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ሊያቃጥሉት አይችሉም። ግሉኮሱ ወደ አንድ ሞል ቡቲሪክ አሲድ፣ ሁለት ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ተለወጠ እንበል። አሲዱ ቢቃጠል 2,180፣ ሃይድሮጅኑ ደግሞ 570 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል፤ ድምሩ 2,750 ነው። በመብላላቱ ጊዜ በሙቀት መልክ የወጣው እንግዲህ 50 ኪሎጁል ያህል ብቻ ነው። ከግሉኮሱ ኃይል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በአሲዱ ውስጥ ተቀምጦ ኦክስጅን ላለው ወገን ይተላለፋል። ያ ወገን የእኛ ሕዋስ ነው።

ቡቲሪክ አሲድን የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ ከኃይል ፍላጎታቸው አብላጫውን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ፕሮፒዮኒክ አሲድ በአመዛኙ በጉበት ሲቀር፣ አሴቲክ አሲድ በደም አማካይነት እስከ ጡንቻ ይደርሳል። ላም ከኃይሏ 70 በመቶ ያህሉን ከእነዚህ አሲዶች ታገኛለች፤ የሰው ድርሻ ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል። አሲዶቹ ማገዶ ብቻ ሳይሆኑ መልእክተኞችም ናቸው፤ የአንጀት ሕዋሳት ጥጋብን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሆርሞኖችን እንዲያመነጩ ያደርጋሉ።

ባክቴሪያ ያወፍራልን?

እ.ኤ.አ. በ2004 በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ጎርደን ቡድን ያለ አንዳች ባክቴሪያ ላደጉ አይጦች የሌሎች አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ሰጠ። አይጦቹ የሚበሉት ቀንሶ ሳለ በ14 ቀን ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ያህል ጨመረ።

ይሁንና ከዚህ ተነሥተን አሰርን እንሽሽ ማለት ስሕተት ነው። አንድ ግራም ስታርች 4 ኪሎካሎሪ ሲሰጠን፣ አንድ ግራም አሰር የሚሰጠን 2 ያህል ብቻ ነው፤ ከፊሉ ሳይብላላ ይወጣል፣ ጋዙ ያመልጣል፣ ባክቴሪያዎቹም የራሳቸውን አካል ይገነቡበታል። በሰዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም አሰር አዘውትሮ መመገብ በአብዛኛው ከዝቅተኛ የሰውነት ክብደት ጋር እንደሚያያዝ ያመለክታሉ።

እንግዲህ በምግብ ሰንጠረዥ ላይ የምናነበው የካሎሪ ቁጥር አማካይ ግምት ነው። ምግቡን በአንጀታችን የሚያብላላው ማን እንደ ሆነ አይነግረንም።