በክረምት የተኮማተረ ጫጩት፦ ብርድ ነው ወይስ በሽታ?

በሐምሌና በነሐሴ ላባውን ነፍቶ፣ ክንፉን ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ጫጩት ሲታይ ብዙ አርቢዎች «ብርድ መታው» ብለው ያልፉታል። እኛም በአንድ ማኅበር የዶሮ ቤት እንዲሁ ተሳስተን ፋኖስ ጨመርን፤ መስኮትም ዘጋን። በሽታው ግን ከረጠበው ጉዝጓዝ ነበርና ሙቀቱ አባባሰው።

ለመለየት የተኮማተረውን ለብቻው ማሞቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ጀርባ ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ብርድ ብቻ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ነቅቶ ይለቅማል።

ሞቆም ካልበላ ኩሱን ይመልከቱ። ደም ከቀላቀለ፣ በተለይም ዕድሜው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ከሆነ፣ ኮክሲዲዮሲስ ይጠርጠራል። ጉዝጓዙን በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ወዲያው አውጥቶ በደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ መለወጥ ነው። አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ ከመጠጥ ውሃ ጋር ይሰጣል።

ኩሱ አረንጓዴ፣ አንገቱም የተጣመመ ከሆነ ግን ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል አስቀድሞ በክትባት ይከላከሉታል እንጂ የሚያድን መድኃኒት የለውም። አርቢው የተረፉትን ቶሎ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ይፈልጋል፤ ችግሩ ይገባናል፤ ነገር ግን በሽታውን ለሌላው ቀበሌ ያደርሳል። ማኅበሩ ሽያጩን አግዶ በዚያው ዕለት ለእንስሳት ጤና ጣቢያ ማስታወቅ አለበት።