ጥቁር እንጆሪን በብርድ አገር ስለ ማልማት

በኢትዮጵያ ደጋ በአጥር ጥግና በወንዝ ዳር የሚበቅለውን እሾኻሙን እንጆሪ የማያውቅ የገጠር ሰው አይገኝም። የዚሁ ወገን የኾነው ጥቁር እንጆሪ በሰሜን አሜሪካ በማሳ ተተክሎ ለገበያ የሚቀርብ ፍሬ ነው። ይኹን እንጂ በሚኒሶታና እርሱን በመሰሉ አውራጃዎች የብርዱ ጽናት ለአትክልተኛው ብርቱ ፈተና ኾኖበታል። የደጋችን ውርጭ ሌሊት ወርዶ ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል፤ የዚያ አገር ብርድ ግን ለወራት ይሰነብታል፤ አንዳንድ ሌሊትም ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ ያልፋል።

የችግሩ ምክንያት የተክሉ ጠባይ ነው። ሥሩ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ዘንግ ግን ዕድሜው ኹለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፤ በኹለተኛው አብቦ ያፈራና ይደርቃል። በኹለቱ መካከል የብርዱ ወራት አለ። ሥሩን አፈሩና በረዶው ስለሚሸፍኑት አይሞትም፤ ከበረዶው በላይ የቆመው ዘንግ ግን በብርዱ ይቃጠላል። ስለዚህ አትክልተኛው በያመቱ ለምለም ቡቃያ እያየ አንድ እፍኝ ፍሬ ሳይለቅም ይቀራል። እሾኽ የሌላቸው ዝርያዎች ለለቃሚ እጅ ቢመቹም፣ ብዙዎቹ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መጐዳት ይጀምራሉ፤ ቀጥ ብለው የሚያድጉት እሾኻሞቹ ይሻላሉ።

አንደኛው መላ ዘንጉን ማስተኛት ነው። በዌስት ቨርጂንያ በአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ፉሚኦሚ ታኬዳ የሚባሉ ሊቅ ክንዱ የሚዞር ድጋፍ አስፋፍተዋል። ዘንጎቹ በክንዱ ላይ ይታሰራሉ፤ ብርዱ ሳይጠና ወደ መሬት ይዘነበላሉ፤ በላያቸውም ጨርቅ ይለበሳል። በጸደይ ጨርቁ ቢነሣም እስኪያብቡ ድረስ እንደ ተጋደሙ ይቆያሉ። ኋላ ቀና ሲደረጉ ፍሬው ኹሉ በአንድ ወገን ይንጠለጠላልና ለቀማው ይቀላል። ሥራው ግን እጅ ይፈልጋል፤ የቸኰለ ሰው ዘንጉን ይሰብረዋል።

ኹለተኛው መላ ዝርያ መለወጥ ነው። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ፕራይም ጂምና ፕራይም ጃን የተባሉ፣ በበቀሉበት ዓመት የሚያፈሩ ዝርያዎች አወጣ። እነዚህን ብርዱ ሲያልፍ ከመሬት ላይ አጭዶ መጣል ይቻላል፤ የሚጠበቅ ዘንግ የለምና። ጉድለታቸው መዘግየታቸው ነው፤ በሰሜን ፍሬው በመስከረም ገደማ መብሰል ሲጀምር ውርጩ ይደርስበታል፤ ብዙውም ሳይበስል ይቀራል። በፕላስቲክ ዳስ ሥር የሚተክሉ ሰዎች ጥቂት ሳምንት ያተርፋሉ፤ ወጪው ግን ለገበያ ለሚያመርት እንጂ ለጓሮ አትክልተኛ የሚያዋጣ አይመስልም።

ማናቸውም ዝርያ ቢመረጥ፣ ቀዝቃዛ አየር ከሚተኛበት ጐድጓዳ ስፍራ ይልቅ ውሃ የማይቋጥር ተዳፋት ይመረጣል። በበጋቸው መጨረሻ ማዳበሪያ መጨመር ዘንጉን ለጋ አድርጎ ለብርዱ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ፍሬ የሰጠውን አሮጌ ዘንግ ከሥሩ ቈርጦ ማውጣት ብቻ ይበቃል።