አንድ ቀን ባንቀዳ ቤንዚን ይረክሳል?

የቤንዚን ዋጋ በወጣ ቁጥር አንድ መልእክት ይዞራል። ድሮ በኢሜይል ነበር፣ አሁን በቫይበርና በቴሌግራም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አልተለወጠም። በዚህ ቀን ማንም ሰው ቤንዚን አይቅዳ፣ ከተባበርን የነዳጅ ኩባንያዎቹ በአንድ ቀን ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር ያጣሉ፣ ዋጋውን ሳይወዱ በግድ ያወርዳሉ፣ ለሚያውቁት ሁሉ ያስተላልፉ የሚል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ፣ በእኛ ታክሲ ነጂዎች ስልክ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከሥሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተጨምሮበት ነው።

እኔ ይህን ነገር ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። አሜሪካ እንደመጣሁ የተቀጠርኩት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ሂሳብ ተቀባይ ነበርኩ። ዛሬ ታክሲ እነዳለሁ። ልጆቼ ዘንድ ከሚደርሰው ገንዘብ ላይ ቀድሞ የሚነሳው የቤንዚን ሂሳብ ነው። ዋጋው እንዲወርድ ከሚመኙት አንዱ ነኝ፤ መልእክቱን የማላስተላልፈውም ስለማይገደኝ አይደለም።

በአሜሪካ ከእነዚህ ጥሪዎች በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1999 የተጠራው ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ዋጋ በናረባቸው ዓመታት ተመላልሷል። የ2007ቱ የመጣው እኔ ማደያው ውስጥ እያለሁ ነው። ቀኑ ሜይ 15፣ ማክሰኞ ነበር። መልእክቱ በ1997 እንዲህ ያለ አድማ ተደርጎ ዋጋው በአንድ ሌሊት 30 ሳንቲም መውረዱን ይናገራል። እንደዚያ ያለ ነገር በ1997 አልተደረገም። ሰው ግን ከዚህ በፊት ተሞክሮ ሠርቷል ሲባል ልቡ ይሞላል፤ ማን ይፈርድበታል?

ሰኞ ማታ የገጠመኝ ሰልፍ ነው። ነገ ስለማንቀዳ ዛሬ እንሙላ ያለ ሁሉ መጣ። ከፓምፖቹ ጀርባ መኪና በመኪና ላይ ተደረደረ፤ ደረሰኝ የሚያትመው ማሽን ወረቀት ጨርሶብኝ እየተጣደፍኩ ስቀይር አንዱ ደንበኛ በመስኮቱ በኩል «አይዞሽ እህቴ፣ ነገ ታርፊያለሽ» አለኝ። እውነትም ማክሰኞ ቀዝቀዝ አለ። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ሰኞ ያልደረሰላቸው መጡ። የሦስቱ ቀን ሽያጭ ሲደመር እንደማንኛውም ሳምንት ነበር። የመንግሥት የኢነርጂ መረጃ መሥሪያ ቤት በየሰኞው በሚያወጣው አማካይ ዋጋ አንድ ጋሎን ከአድማው በፊት ባለው ሰኞ 3.10 ዶላር ገደማ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ወደ 3.22 ወጣ።

ጋሎኑ በአድማው ምክንያት ተወደደ እያልኩ አይደለም። በዚያ ሰሞን የሚያንረው ሌላ ምክንያት ነበረውና መናሩን ቀጠለ፤ አድማውን አልሰማውም ማለቴ ነው። አገሩ በዚያ ዓመት በቀን 390 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ቤንዚን ያቃጥል ነበር። ማክሰኞ ያልቀዳው ሰው ማክሰኞም ሥራ ሄዷል፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሷል፤ ያቃጠለው የሰኞውን ነው። የሚቀዳበት ቀን ተቀየረ እንጂ የሚቃጠለው አንድ ጠብታ አልጎደለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለጾመኞቹ ግልጽ ነው። ለቅበላ ሥጋውን ጠግቦ በማግስቱ አንዲት ቀን ብቻ የሚጾም ሰው ሥጋ ሻጩን ምንም አያደርገውም፤ እንዲያውም የቅበላ ለት ገበያው ይደራል። ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው። ልኳንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ እንቁላል ይረክሳል። ገበያ የሚሰማው ሳይገዛ የቀረውን መጠን ነው።

የአንድ ቀኑ አድማ እንደማይሠራ ያዩ ሰዎች ያመጡት ሁለተኛ ሐሳብ አለ፤ እሱ ብልህ ይመስላል። ከሁሉም ማደያ መቅረት አያስፈልግም፣ ትልቁን ኩባንያ ብቻ ለይተን ዓመቱን ሙሉ እንተወው፣ እሱ ሲያወርድ ሌሎቹም ይከተላሉ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በ1999 መጨረሻ ተዋህደው አንድ የሆኑት ኤክሰንና ሞቢል ናቸው።

እዚህ ላይ ከሌሊት ፈረቃዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦቴው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሹፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ያሉትን ክብ ክዳኖች ይከፍታል፤ ነጩ ክዳን የተራው ቤንዚን ነው፣ ቀዩ የፕሪሚየሙ። ጎማውን ገጥሞ ሲያወርድ እኔ ውስጥ ሆኜ ከመሬት በታች ያለው ታንክ ስንት ጋሎን እንደያዘ የሚያሳየውን ወረቀት ከማሽኑ አትማለሁ፤ ከማውረዱ በፊት አንድ፣ ካወረደ በኋላ አንድ። ከዚያ የጭነት ሰነዱን ያስፈርመኛል። ያው ቦቴ፣ ያው ሹፌር፣ ከእኛ ወጥቶ አስፋልቱን ተሻግሮ ሌላ ስም የተጻፈበት ማደያ ገብቶ ሲያወርድ በመስኮቱ አይቼዋለሁ። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ዴፖ ነው። የኩባንያው የራሱ የሚባለው ቦቴው ሲሞላ የሚጨመርበት ጥቂት ማጽጃ ኬሚካል ነው።

ወደዚህ አካባቢ የሚመጣው ቤንዚን አብዛኛው ከሂውስተን ተነስቶ እስከ ኒው ዮርክ ወደብ በሚዘልቀው ኮሎኒያል በሚባለው ቧንቧ ይመጣል። ርዝመቱ 5,500 ማይል ነው፤ ከምሥራቁ ጠረፍ ነዳጅ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በእሱ ያልፋል። በሜይ 2021 የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ሥራውን ባስቆሙት ጊዜ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የየትኛውም ስም ቢሆን ብዙ ማደያዎች አንድ ላይ ባዶ ሆኑ። አንዱን ስም ትተን ሌላው ጋ ስንሄድ ያ ሌላው ተጨማሪ ቤንዚን መግዛት አለበት። ከማን ይገዛል? የተተወው ኩባንያ ማጣሪያ ያልተሸጠ ቤንዚን ይዞ ቁጭ ብሏልና ከእሱ። ኩባንያው በአንድ በር የቀረበትን በሌላው በር ይሸጠዋል።

በሰሌዳው ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የማደያው ባለቤት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 150,000 ማደያዎች አሉ፤ ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ራሳቸው የያዟቸው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ኤክሰንሞቢል የነበሩትን ማደያዎች እንደሚሸጥ ያስታወቀው በ2008 ነው። ከአገሩ ማደያዎች ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ማደያ ብቻ ባለው ሰው የተያዙ ናቸው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ የእኛ አገር ልጆችም ብዙ ናቸው።

የእኔ አሠሪም የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ታክሲ ነጂ፣ ቅን ሰው፣ በአድማው ሰሞን ቡናውን እየቀዳ «ጋሼ፣ እርስዎስ ለአንድ ቀን ቢዘጉና ከሕዝቡ ጋር ቢቆሙ ምናለበት?» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔን ቤንዚኑ መቼ አበላኝ» አሉት። «የሚያበላኝ ይሄ የያዝከው ቡናና ሎተሪው ነው። አንተ ስትቀር ቡናህ ነው የሚቀርብኝ፤ ኩባንያዎቹ ምኑንም አያውቁትም።»

ነገሩ እንዳሉት ነው። ምሽት ላይ ከአከፋፋዩ የነገው የጅምላ ዋጋ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ማጓጓዣ አለ፣ የፌዴራሉ ታክስ 18.4 ሳንቲም አለ (ከ1993 ጀምሮ አልተነካም)፣ የስቴቱ አለ። ደንበኛው በክሬዲት ካርድ ሲከፍል ከመቶ ሁለትም ሦስትም ለካርዱ ይሄዳል፤ ቤንዚን 5 ዶላር በገባ ጊዜ ያ ብቻውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ነው። ኪራዩና ደሞዙ ሲነሳ ከአንድ ጋሎን ለባለቤቱ የሚቀረው ጥቂት ሳንቲም ነው። ዋጋ ሲወጣ ሰው የሚሳደበው ግን ከመስኮቱ ጀርባ ያለነውን ነው። እኔም ብዙ ሰምቻለሁ፤ ስድቡ ዋጋውን ከሚወስነው ሰው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለም።

ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ድፍድፍ ነዳጁ ነው። ከአንድ ጋሎን ዋጋ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ዓለም በቀን ወደ 100 ሚሊዮን በርሜል ትጠቀማለች። ፍላጎቱ በእውነት ሲጎድል ዋጋው ይወድቃል፤ ይህን አይተነዋል። በሰባዎቹ ዓመታት ነዳጅ ከተወደደ በኋላ አሜሪካ መኪኖች በአንድ ጋሎን ብዙ ማይል እንዲሄዱ በ1975 በሕግ አስገደደች፤ ቤቶችና ፋብሪካዎችም ነዳጅ ቀነሱ። በ1978 በቀን 18.8 ሚሊዮን በርሜል የነበረው የአገሪቱ የነዳጅ ፍጆታ በ1983 ወደ 15.2 ወረደ። ከሰሜን ባሕርና ከአላስካ አዲስ ነዳጅ ተጨመረበት። ሳዑዲ ዓረቢያ ዋጋውን ለመደገፍ ምርቷን ስትቀንስ ኖራ በ1985 ሰለቻት፤ በ1986 ድፍድፍ በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ዓመታት የፈጀ ነው።

ሁለተኛውን የዋጋ መውደቅ ሁላችንም በዓይናችን አየነው። በኤፕሪል 2020 በኮሮና ምክንያት አገሩ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ የቤንዚን ፍጆታ ወደ ግማሽ ተጠጋ፤ ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ወረደ። እኔ በዚያ ወር ታንኬን ሞልቼ አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ውያለሁ፤ ቤንዚን ርካሽ ነበር፣ ተሳፋሪ ግን አልነበረም። ዋጋውን ለማውረድ ምን ያህል መጉደል እንዳለበት ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም። ከተቀነሰ በኋላም ሻጮቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ በኦክቶበር 2022 ዋጋው ሲወርድ ያዩት ኦፔክና አጋሮቹ የምርት ጣሪያቸውን በቀን በ2 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ተስማምተዋል።

ያለመግዛት አድማ በነዳጅ ላይ ፈጽሞ አይሠራም ግን አልልም። በ1995 ሼል ብሬንት ስፓር የተባለውን ያረጀ የነዳጅ ማከማቻ ባሕር ውስጥ ሊያሰጥም ሲል ጀርመኖች ማደያዎቹን ሸሹ፤ ኩባንያው በዚያው ጁን ሐሳቡን ተወ። እዚያ የተጠየቀው ኩባንያው በራሱ ውሳኔ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው።

የሞሮኮው ደግሞ ስለ ዋጋ ነበር፤ ስለዚህ በደንብ ሊታይ ይገባዋል። መንግሥት የነዳጅ ዋጋን በ2015 መጨረሻ ለገበያው ለቆት ነበር። በኤፕሪል 2018 ማን እንደጠራው በማይታወቅ የፌስቡክ ጥሪ ሕዝቡ ሦስት ነገሮችን መግዛት አቆመ፦ ሲዲ አሊ የተባለውን ውኃ፣ የሳንትራል ዳኖንን ወተትና የአፍሪኪያን ማደያ። ለአንድ ቀን አልነበረም፤ ወራት ቆየ። ወተት ላይ ውጤቱ ቶሎ ታየ፤ ዳኖን ሽያጩ ወድቆበት በዚያው ዓመት ዋጋ ቀነሰ። ነዳጁ ላይ ነገሩ የሄደው በምርመራ በኩል ነው። የፓርላማ አጣሪ ቡድን ስለ ማደያዎቹ ትርፍ ያዘጋጀው ሪፖርት በዚያው ሰሞን አደባባይ ወጣ። የገበያ ውድድር ምክር ቤቱ ጉዳዩን ያዘ፣ ዓመታትም አለፉ፤ የአፍሪኪያ ባለቤት አዚዝ አክኑሽ በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። በኖቬምበር 2023 ዘጠኝ የነዳጅ ኩባንያዎች በስምምነት 1.84 ቢሊዮን ድርሃም ለመክፈል ተስማሙ። አድማው ፓምፑ ላይ ያላደረገውን ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ነካው። ሕዝቡ ያን ያህል ባይጮህ ያ መዝገብ ይንቀሳቀስ ነበር ብዬ አላምንም።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼም መልእክቱን ይልኩልኛል። እዚያ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው፤ በከተማው ያሉት ማደያዎች የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው። አንዱን ማደያ በመሸሽ የሚቀጣ ሰው ሌላው ጋ የሚያገኘው ያንኑ ዋጋ ነው። ጥያቄ ካለ የሚቀርበው ለተማኙ ነው።

እዚህ ያለን ግን በየቀኑ የምንጠቀምበት አንድ ጉልበት አለን፤ ብዙዎቻችን የምንተወው ደግሞ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ዋጋ ሲወጣ ሁላችንም ስልካችንን ከፍተን ርካሹን ማደያ እንፈልጋለን። መውረድ ሲጀምር ተመስገን ብለን ያገኘነው ጋ እንቀዳለን። ድፍድፍ ከወረደ በኋላ የማደያው ዋጋ ለሳምንታት እየተጎተተ የሚወርደው በከፊል ለዚህ ነው፤ ባለ ማደያው ዋጋ ሲወጣ የጠበበችበትን ትርፍ የሚመልሰው በዚያ ጊዜ ነው፣ የሚያስቸኩለውም የለም። እኔ አሁን ርካሹን የምፈልገው በተለይ በዚያ ሰሞን ነው፤ ለሌሎቹ ነጂዎችም የምልክላቸው ማን ቀድሞ እንዳወረደ ነው። ጋሼ ከአከፋፋዩ ርካሽ ዋጋ ደርሷቸው እንኳ ሰሌዳውን ሳይነኩ የሚቆዩባቸው ቀናት ነበሩ። መሰላሉን አምጡ ብለው የሚጣሩት ማዶ ያለው ማደያ ሦስት ሳንቲም ቀንሶ የእኛ ታክሲዎች ወደዚያ ሲታጠፉ በመስኮቱ ባዩ ጊዜ ነው።